ኮምቦልቻ ሠርቶ ደሴ ማደር፦ አንድ ጥያቄና ያስነሣው ውይይት

ይህ በጽሑፍ የተካሄደ ውይይት ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ የሚኖር የማሽን ጥገና ባለሙያ ነው። ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ አግኝቷል። ባለቤቱ መምህርት ናት። የእሷ ዝውውር ደሴም ሊሆን ይችላል፣ ኮምቦልቻም፤ ገና አልተወሰነም። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት። ሰውዬው የጠየቀው ቤተሰቡን ደሴ አስቀምጦ በየቀኑ ኮምቦልቻ ወርዶ ቢሠራ ይሻላል ወይስ ሁሉም ኮምቦልቻ ቢገቡ ይሻላል ብሎ ነው። ከዚያ የራሱን ግምት ጨመረ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋትና ማታ ከሚያየው የመንገድ መጨናነቅ አይብስም ባይ ነው።

ብዙውን ሰው ያስነሣችው ይህች የመጨረሻ ግምት ናት። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ኮምቦልቻም የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መልሶቹን በራሴ አነጋገር በየተራቸው እነግራችኋለሁ። የመሰለኝንም በየመሀሉ እላለሁ።

1ኛው መልስ ከአንድ የደሴ ሰው ነው። እንግዳውን በደንብ ተቀበለው። ለቤተሰብ ደሴ ይሻላል ባይ ነው። ትልቁ ሆስፒታል እዚያ መሆኑን፣ ትምህርት ቤት አማርጦ ማስገባት እንደሚቻል፣ ሰኞ ገበያ ወጥተው የሚያጡት ነገር እንደሌለ ዘረዘረ። እሱ ራሱ መምህር አካለወልድ ትምህርት ቤት እንደተማረም በኩራት ነገረው። ብርዱን ግን በአንዲት መስመር አለፈው፤ ጋቢ ይበቃል አለ። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ደጅ አልፎ ቤት ሲገባ፣ የታጠበ ልብስ ለቀናት ተሰቅሎ አልደርቅ ሲል፣ ጋቢ ብቻውን አይበቃም። አስም ያለበት ልጅ ላለው ሰው ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባ ነበር።

2ኛው ኮምቦልቻ ነዋሪ ነው። በትሕትና ጽፎ ኪሎ ሜትር መቁጠሩ እንደማያዋጣ አስረዳ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ መውጣትና መውረድ አለ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ሐረጎ ተራራ ላይ ነው። ስለ መንገዱ የሚያውቀው ሹፌር ስለሆነ ሹፌር ይጠየቅ ብሎ ዘጋ።

ሹፌሩም መጣ። 3ኛው መልስ የእሱ ነው፤ ከሁሉም ረጅሙም እሱ ነው። በዚያ መስመር ሚኒባስ እንደሚያሽከረክር ተናግሮ ሐረጎን በየኩርባው አስረዳ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ኮምቦልቻ ደርሶ ወደ ሰሜን ከቀጠለ ሐረጎን መውጣት ግድ ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ ዳገቱ ላይ ሲያዘግም ከኋላው ያለው ሁሉ ይሰለፋል። ትዕግሥት ያጣ ሹፌር ኩርባ ላይ ሊቀድም ይወጣል፤ ብዙው አደጋ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቁልቁለቱ የባሰ ነው። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከባድ መኪና ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይለዋል። ልምድ ያለው በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና መብራቱ እንኳ አይታይም። በደህና ቀን ከመናኸሪያ እስከ መናኸሪያ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል አለ። አንድ ተሳቢ መንገድ ላይ ከቆመ ግን ሰዓት መገመት አይቻልም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰው ቶሎ ስለሚሞላ ሚኒባሱ ቶሎ ይነሣል። ማታ ግን ከመሸ በኋላ መኪና ይሳሳል፤ ያለውም ትርፍ ጭኖ ነው የሚወጣው።

ይህን መልስ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ አምነዋለሁ። ሰውዬው ከተማ አላሞገሰም፣ ከተማ አልነቀፈም። በየቀኑ የሰው ነፍስ ይዞ የሚወጣበትን መንገድ ነው የነገረን።

4ኛው መልስ አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ ፋብሪካው ሰርቪስ አለው ወይ የሚል። 5ኛው የጠያቂው ነው። ሰርቪሱ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ብቻ እንደሚዞር ነገሩት። ጠዋት ፈረቃው 1 ሰዓት ይጀምራል። 6ኛው መላሽ እንግዲያው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ መነሣት አለብህ፣ በክረምት በዚያ ሰዓት ከደሴ ቤትህ ወጥተህ መናኸሪያ ለመድረስ ባጃጅ ማግኘቱ ራሱ ጣጣ ነው አለው።

ከዚያ ወሬው ወደ ማድ ቤት ገባ። አንዳንዶች ከርዕስ ወጣን ብለው ቅር ተሰኝተዋል። እኔ ግን የዕለት ኑሮ ማለት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

7ኛው መልስ የአንዲት እናት ነው። ትዳር ይዘው ከኮምቦልቻ ደሴ የወጡ ናቸው። መጀመሪያ ያስቸገራቸው ሊጥ እንደሆነ ጽፈዋል። ኮምቦልቻ ላይ ያቦኩት ሊጥ በሁለተኛው ቀን አብሲት ይጣልለታል። ደሴ ላይ ያው እርሾ፣ ያው ጤፍ ሆኖ ክረምት ላይ ሦስት ቀን አልፎትም ገና ዝም ይላል። ቸኩለው ሲጋግሩት እንጀራው ዓይን አላወጣ ብሎ ምጣዱ ላይ ተኛባቸው። ጎረቤታቸው ናቸው ያስተማሯቸው፤ ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ምድጃው አጠገብ ማሳደር፣ እርሾውንም ጠንከር ማድረግ። በተቃራኒው ደሴ ተወልዳ ኮምቦልቻ የወረደችው እህታቸው ሊጡ በአንድ ቀን ኮምጥጦ ልጆቿ እንጀራ እምቢ ብለዋት ነበር።

8ኛዋ የባቄላውንና የክኩን ነገር አነሣች። ደሴ ላይ ክክ አልበስል ይላል፣ ከሰል ይፈጃል አለች። 9ኛው መላሽ የፊዚክስ መምህር ነው። በከፍታ የተነሣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በ94 ገደማ እንደሚፈላ አስረዳ። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ለደረቅ እህል ብዙ ነው። ሙቀቱም በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ሁለቱ ከተሞች በዚያው ቀን በዚያው ሰዓት አራት ዲግሪ ያህል ይለያያሉ። እናቶቹ የሚያውቁትን ነገር በቁጥር መስማት ደስ አላቸው። 10ኛው ማታ ባቄላውን መዘፍዘፍና በግፊት ድስት መቀቀል መፍትሔ መሆኑን አክሎ አለፈ።

11ኛዋ ነርስ ናት፤ ደሴ ነው የምትሠራው። ልጁን ያነሣ ሰው ባለመኖሩ እንዳዘነች በጨዋ ቃል ተናገረች። ልክ ናት። እሷ የጻፈችው በጥንቃቄ ነው። ቀዝቃዛ አየርና ጉም አንዳንድ የአስም ሕመምተኞችን ይቀሰቅስባቸዋል። አቧራና ጭስም እንደዚያው። ስለዚህ የትኛው ከተማ ለዚህ ልጅ ይስማማዋል ብሎ ከሩቅ መፍረድ አይቻልም፤ ምን እንደሚነሣበት የሚያውቁት ወላጆቹና ሐኪሙ ናቸው። በሁለቱም ከተሞች ግን አንድ የጋራ ነገር አለ፦ የወሎ ቤት ያለ ዕጣን ቡና አያፈላም። ቤት በተዘጋበት ክረምት የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከባድ ነው። ከጎረቤት ቡና ሲጠሩ ልጁን ይዞ አለመግባትን መልመድ ይኖርባቸዋል። ኮምቦልቻ ከገቡ ደግሞ አጎበር ያስፈልጋቸዋል፤ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ወባ አለ። መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፣ የአስም መድኃኒት መንፊያውም ከእጃቸው እንዳይለይ አሳሰበች። በጠና ቢነሣበት ሪፈር የሚጻፍለት ወደ ደሴ መሆኑን፣ ሌሊት ደግሞ ሐረጎን በአምቡላንስ መውጣት እንዳለም አልደበቀችም።

ከዚህ በኋላ ነው ቃላቱ የሻከሩት።

12ኛው መላሽ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ጭስ ስለሆነች ለልጅ አትሆንም ብሎ በጥቅሉ ፈረደ። 13ኛው ተቆጣ። ፋብሪካዎቹ ያሉበት ሠፈርና ሰው የሚኖርበት ሠፈር አንድ አይደለም አለው። ደሴዎች ቆሻሻቸውን ቦርከና ወንዝ ላይ ጥለው ወደ ታች እየላኩ ስለ ኮምቦልቻ ንጽሕና ማውራታቸው እንደሚያስቀው ጨመረ። 14ኛው ደሴ ሆኖ መለሰ፦ ቦርከናን ያበላሸው ደሴ ብቻ ከሆነ፣ በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች የሚወርደው የፋብሪካ ፍሳሽ ከየት መጣ? 15ኛው ደሴ ውሃ በፈረቃ እየጠበቀች፣ በየዳገቱ ጄሪካን እያሸከመች ከተማ ነኝ ትላለች አለ። 16ኛው ኮምቦልቻ ደሴ ባትኖር መንገድ ዳር ያለች የሹፌሮች ማደሪያ ሆና ትቀር ነበር ብሎ አረፈው። ይህኛው መልስ አሳዘነኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ኮምቦልቻ ናቸው። እዚያ ሠርተው ደሴ ያሉ ወላጆቻቸውን የሚጦሩ ስንት ልጆች አሉ። ወንዙም ቢሆን ከላይ የጣለውም ከታች የጣለውም እኩል ነው የሚጠየቀው። ከኮምቦልቻ በታች ከብቱን የሚያጠጣውና አትክልቱን የሚያጠጣው ገበሬ በዚህ ክርክር ውስጥ ማንም አላስታወሰውም።

17ኛው መላሽ ታሪክ አምጥቶ ሊያበርደው ሞከረ። ደሴ የንጉሥ ሚካኤል ከተማ መሆኗን፣ አይጠየፍ አዳራሽን፣ ኅዳር 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከአየር ስትደበድባት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚያ እንደነበሩ አወሳ። 18ኛው ደግሞ ታሪክ ኪራይ አይከፍልም አለው። ነገሩ ሊብስ ነበር።

19ኛው መልስ ሁሉንም ዝም አሰኘ። ጸሐፊው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መሆኑን አልተናገረም። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልሎ እንደነበር አስታወሰ። ጥቅምት 2014 ማለቂያ ላይ ሁለቱም ከተሞች በጦርነቱ ሲያዙ፣ ያ ሕዝብና የደሴ ሰው አብረው በዚያው በሐረጎ መንገድ እንደወረዱ ጻፈ። ኅዳር ማለቂያ ላይ ሰው ሲመለስ ደሴ ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ ኮምቦልቻም ፋብሪካዎቿና መጋዘኖቿ ተዘርፈው ተገኙ። ያን ጊዜ የኮምቦልቻ ሰው ሥራ አጣ፣ የደሴ ሰው ሐኪም ቤት አጣ። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ይበልጣል መባባል እንዴት እንደሚቻል እንዳልገባው ተናግሮ ጨረሰ። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። ቀጣዩ መልስ የመጣው በማግስቱ ነው።

20ኛዋ ከጅዳ ነው የጻፈችው። የወሎ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ ትልካለች። የእሷ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቤት ልትሠራ አስባለች፣ ቦታው ደሴ ይሁን ወይስ ኮምቦልቻ? ርዕሱ አይደለም የሚል ቢመጣም ሰው ሁሉ ተረባረበላት። አብሽሪ እያሉ ነው የጀመሩት።

21ኛው ግንበኛ ነው። ደሴ ላይ ተዳፋት መሬት ከተያዘ ከቤቱ በፊት የድጋፍ ግንቡ ገንዘብ ይጨርሳል አለ። ጦሳ ሥር ያሉ አንዳንድ ሠፈሮች የመሬት መንሸራተት እንደሚያሰጋቸው፣ ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤት ያለበት ሠፈር ቦታ እንዳትገዛ መከራት። ጎርፉ የሚወርድበትን መስመር ለማየት ወኪሏ በክረምት ሄዶ ይየው። 22ኛው ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች መሠረቱ ቀለል እንደሚል፣ ቦርከና ዳር ግን ውሃ እንደሚተኛ ጻፈ። 23ኛዋ እዚያው ሳዑዲ የኖረች ናት። ብሩን ለዘመድ በአንድ ጊዜ አትላኪ አለቻት። ቦታው በእሷ ስም መሆኑንና ካርታው መውጣቱን ሳታረጋግጥ ድንጋይ እንዳታራግፍ አስጠነቀቀቻት። ከዚህ በላይ ምክር ያለ አይመስለኝም። የስንት እህቶቻችን ዓመታት እንዲህ ባለ ነገር ባክነዋል።

24ኛው ወደ ርዕሱ ለመመለስ ይሁን ብሎ ስለ ምሽት ኑሮ ጻፈ። ኮምቦልቻ ማታ ሰው ደጅ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ ሹራብ አያስፈልግም። ደሴ ፒያሳ ላይ ምሽት ሽር ማለት ደስ ይላል እንጂ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብርዱ ወደ ቤት ይነዳል። 25ኛው ስለ ገበያ አነሣ። ከኩታበርና ከደጋው ገብስ፣ ባቄላና ድንች ወደ ደሴ ይወርዳል፤ ማሽላው፣ ብርቱካኑና ፓፓያው ከታች ይወጣል። የሐይቅ ዓሣም ቅርብ ነው። 26ኛው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ ካለ ደሴ ብሎ ቲኬት ቆርጦ ኮምቦልቻ እንደሚያርፍ አስታወሰ። ማረፊያው እዚያ ነው። እነዚህን ሦስቱን በፍጥነት አልፌያቸዋለሁ፤ እውነት ናቸው፣ ግን ለጠያቂው ውሳኔ እምብዛም አይረዱም።

27ኛው ግን ይረዳል። ሰውዬው ይህንኑ ኑሮ ኖሮታል። ቤቱ ደሴ፣ ሥራው ኮምቦልቻ ነበር። በጋውን ችሎት ነበር። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ይተኛል፣ ማታ ከሰው ጋር እየተጨዋወተ ይወጣል። ክረምቱ ነው ያሸነፈው። ጉም ሲወርድ ሥራ አረፈደ፤ አለቃው ደግሞ አንድ ሁለቴ ታገሠ እንጂ ከዚያ ደሞዙን ቆረጠበት። ማታ ሲደርስ ልጆቹ ተኝተዋል። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ከአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ ያድራል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይወጣል። ኪራዩን ከትራንስፖርቱ ጋር ሲያሰላው ብዙም አልተጎዳ። ለጠያቂውም ይህንኑ መከረው።

28ኛው አልተስማማም፤ ቃሉም ሸካራ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የማይገኝ አባት እንግዳ እንጂ አባት አይባልም አለ። 27ኛው መልሶ መጣ። በቁጣ አይደለም የመለሰው፤ ሌላ ሥራ እንዳላገኘ፣ አማራጩ መራብ እንደነበር ነገረው። 28ኛው ይቅርታ ጠየቀ። መልሶቹ ሲቆጠሩ 29ኛው የ27ኛው ነው፣ 30ኛው ይቅርታው።

31ኛው መልስ የመምህርት ነው፤ ኮምቦልቻ ታስተምራለች። እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ የባልየውን ሥራ ማዕከል አድርጎ ነው ብላ በቀጥታ ገባች። ሐረጎን የሚወጣው እሱ ነው፣ ክፍል የሚከራየው እሱ ነው፣ የሚደክመው እሱ ነው። እሱ በሌለበት ሳምንት ሌሊት ልጁ ሲያፍነው ተነሥታ መንፊያውን የምትሰጠው ማን ናት? ጠዋት አስተምራ፣ ውሃ በፈረቃው ሰዓት ጠብቃ ቀድታ፣ ማታ ሊጡን አይታ፣ ልጁ ቢታመም ሆስፒታል ይዛ የምትሮጠው ማን ናት? ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠበቀው የእሷ ምደባ ነው አለች። ምደባዋ ኮምቦልቻ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ሁሉም አንድ ቤት ይገባሉ። ደሴ ከሆነ ግን እሷ በጭራሽ ሐረጎን በየቀኑ መውጣትና መውረድ እንደሌለባት፣ ይልቁንም እሱ ኮምቦልቻ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ፈረቃ ማስተካከል እንደሚችል አሠሪውን እንዲጠይቅ ጻፈች። ከሰዓት ፈረቃ ወይም ሌሊት ፈረቃ ካለ፣ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ መውረድ ይችላል። ትምህርቷን መቀጠል ካሰበችም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ደሴ ነው፣ ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ነው፤ እሱም ይታሰብበት አለች።

ይህን ሳነብ ውይይቱ በሙሉ ወደዚህ መምጣት የነበረበት መሰለኝ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የቱ ይበልጣል የሚለው ለዚህ ቤተሰብ ምንም አይፈይድም። ከሁለቱ ከተሞች አንዷ ያላትን ሌላዋ የላትም፤ ስለዚህም ነው ያ ሁሉ ሰው በየቀኑ የሚወጣው የሚወርደው። መጠየቅ ያለበት የታመመው ልጅ አጠገብ ሌሊት ማን እንደሚኖር፣ ያ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ምን መደረግ እንዳለበት ነው። ሚስትየዋ በመነሻው ጽሑፍ ውስጥ በሁለት መስመር ብቻ ናት ያለችው። በ30 መልሶችም ከዚያ በላይ ቦታ አላገኘችም። የእሷን ነገር እስከ 31ኛው ድረስ ማንም አለመጠየቁ ያሳስበኛል፤ እንዲህ ባለ ምክክር ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር ነውና።

32ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። አመሰገነ። ባለቤቱ ሁሉንም መልስ አብራው እንዳነበበች፣ በተለይ 11ኛውንና 31ኛውን ሁለቴ እንዳነበበቻቸው ነገረን። እሷ ኮምቦልቻን ጠይቃ ማመልከቻ እንደምታስገባ፣ ካልተሳካ ደሴ ሆነው እሱ ፈረቃ እንደሚጠይቅ ተስማምተዋል። ልጁንም ከመነሣታቸው በፊት ለሐኪሙ እንደሚያሳዩት ጻፈ። ከዚያ የቤት ነገር ጠየቀ።

33ኛው መላሽ ኮምቦልቻ ሲከራዩ ሮቶ ያለው ግቢ እንዲፈልጉ፣ ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ ያለው መሆኑን እንዲያዩ መከረ፤ ኮርኒስ የሌለው ቤት በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት አያስቀምጥም። ደሴ ከሆነ ደግሞ የምሥራቅ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ግድግዳው ርጥበት የማይስብ ቤት ይፈለግ፤ የሻጋታ ሽታ ካለ ለልጁ ሲባል ገብቶ ማየትም አያስፈልግም። 34ኛው ለደላላ ቤቱን ሳያዩ ቀብድ እንዳይሰጡ አስጠነቀቀ።

35ኛው ሆኖ ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። ቤት ለማየት በታኅሣሥ ወይም በጥር አትምጡ አላቸው። በዚያ ወቅት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሐረጎም ያምራል፤ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ሐምሌ ላይ ይምጡ። ደሴ አድረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሚኒባስ ይሳፈሩ፣ ማታም በሥራ መውጫ ሰዓት ከኮምቦልቻ ይውጡ። ሁለቱም አብረው ይሞክሩት እንጂ እሱ ብቻውን አይምጣ አለ። የእሱን መኪና ከፈለጉም ከጠዋቱ ተራ የመጀመሪያዎቹ ውስጥ እንደሚያገኙት ነገራቸው።

ጠያቂው ሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ልጆቹን ለእናቱ ትቶ ከባለቤቱ ጋር እንደሚመጣ መለሰ። ከዚያ የነርሷ ጥያቄ ነው ያለው፦ ትንሹንም ይዘውት ቢመጡና ሁለት ሌሊት ደሴ፣ ሁለት ሌሊት ኮምቦልቻ ቢያድር አይሻልም ወይ? እስካሁን መልስ አልሰጧትም።